ከአንድ አባት የተወለዱ ሁለት የጦር ሠረገሎች፤ የካሮ ቬሎቼና የካሪየር ዕድል በእኛና በውጭ አገር

ስለ 1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራና ስለ አምስቱ ዓመት አርበኝነት የተጻፉት መጻሕፍት ስለ አዝማቾቹና ስለ ዘማቾቹ፣ ስለ አውሮፕላኑና ስለ መርዙ ጋዝ ብዙ ነግረውናል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በየሜዳው የቀረው ብረት ወዴት እንደ ገባ ግን እምብዛም የጠየቀ የለም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ብረት አንዱን ወገን ብቻ ለይቶ ይመለከታል። እርሱም በጐማ ፈንታ በብረት ሰንሰለት የሚሄደው፣ ቀጭን ብረት የለበሰውና ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዘው ትንሽ የጦር ሠረገላ ነው። አንዱን ዓይነት ጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ይዘውብን መጡ፤ ሌላውን እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. በጣልያኖች ላይ አመጡት። ዛሬ በውጭ አገር እነዚህን ሠረገሎች የሚፈልጉ፣ የሚያድሱና በብዙ ገንዘብ የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። አንደኛው ዓይነት በብዛት ተርፎ ሲገኝ ሁለተኛው ጥቂት ብቻ ቀርቶአል።

አንባቢው «የብረት ታሪክ የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚያጠና ሰው ምን ይረባል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው። አንድ ዕቃ ከተሠራበት ዘመን አልፎ መኖሩ ወይም መጥፋቱ የሚወሰነው በዕቃው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በእጁ የወደቀው ሕዝብ ምን እንደ ቸገረውና ምን እንደሚያውቅ ጭምር ይወስነዋል። የጦር ሠረገላ የተረፈው ሰው እንዳለ ሊሠራበት በፈለገበት አገር ነው፤ የጠፋውም ከሙሉው ይልቅ ክፍሎቹ በሚጠቅሙበት አገር ነው። የእኛ አገር ከሁለተኛው ወገን ናት። ስለዚህ ብረቱን በሰብሳቢዎች ሚዛን ብቻ ብንመዝነው የገዛ ታሪካችን ይጐድልብናል። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ሠረገሎቹ ትውልድ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰር ጆን ካርደንና ቪቪያን ሎይድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን መትረየስን ከነተኳሹ ወደ ጦር ግንባር የሚያደርስ ርካሽና ትንሽ ሠረገላ ለመሥራት ተነሡ። ድርጅታቸውን እ.ኤ.አ. በ1928 የቪከርስ ኩባንያ ገዛው። ከሥራዎቻቸው የታወቀው ካርደን ሎይድ ማርክ 6 ክብደቱ 1.5 ቶን ያህል ሲሆን የሚይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ፖላንድ፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ሶቪየት ኅብረትና ጣልያን ገዝተውት ወይም ፈቃድ ወስደው በእርሱ አምሳል የየራሳቸውን ሠሩ።

ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1929 ጥቂቶቹን ገዝታ ከመረመረች በኋላ ፊያትና አንሳልዶ የተባሉት ኩባንያዎች አሻሽለው ካሮ ቬሎቼ 33 የተባለውን አወጡ፤ ትርጓሜውም «ፈጣን ሠረገላ» ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሮ ቬሎቼ 35 ተከተለ። ክብደቱ 3.2 ቶን፣ ከፍታው 1.3 ሜትር ያህል፣ የሞተሩ ኃይል 43 የፈረስ ጉልበት፣ የብረቱ ውፍረት ከ14 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነበር። ከ2,000 በላይ ተሠርቶ ለኦስትሪያ፣ ለሀንጋሪ፣ ለቡልጋሪያ፣ ለቻይናና ለብራዚል ጭምር ተሸጦአል።

በእንግሊዝ አገር ያው የካርደን ሎይድ ዘር በሌላ መንገድ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1938 ብሬን በተባለው መትረየስ ስም የተጠራው ብሬን ካሪየር፣ በ1940 ደግሞ ሁሉን ሥራ እንዲሠራ የታሰበው ዩኒቨርሳል ካሪየር ወጣ። የዚህ ብረት ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወፍራል፤ ላዩ ክፍት ነው፤ የሚነዳውም 85 የፈረስ ጉልበት ባለው በፎርድ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። በእንግሊዝ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በአሜሪካ በጠቅላላው 113,000 ያህል ተሠርቶአል። ብረት ከለበሱት የጦር ሠረገሎች ሁሉ በብዛት የተሠራው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል።

የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው። ጣልያኖች ከአባቱ የወረሱትን ሠረገላ ዘግተው ትንሽ ታንክ አደረጉት፤ እንግሊዞች ከፍተው ጭነት የሚችል አደረጉት። በመዝጋትና በመክፈት መካከል ያለው ይህ ልዩነት በጦር ሜዳ ብቻ አላበቃም፤ ከጦርነቱ በኋላ የየራሳቸውን ዕድል የወሰነው እርሱ ነው።

፪. ስለ ደምበጓና

ሰር ጆን ካርደን በኅዳር 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ተሳፍሮበት የነበረው አውሮፕላን በእንግሊዝ አገር ወድቆ ሞተ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በታኅሣሥ 5 ቀን፣ ከሥራው የተወለዱት የጣልያን ሠረገሎች በሽሬ አውራጃ በደምበጓና በር ላይ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተገናኙ። በዚያ ግንባር የነበረው ጦር አዛዥ የጐጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ በጐንደር በኩል አልፎ፣ ተከዜን የተሻገረው ይህ ጦር አብዛኛው የጐጃም ሰው ነበር።

የጣልያን ወገን የኤርትራ ተወላጆች የሆኑ ወታደሮችንና የካሮ ቬሎቼ ቡድንን ይዞ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው። ካሮ ቬሎቼ በላዩ የሚዞር የመትረየስ ቤት የለውም፤ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ፣ ያውም በጠባብ ስፋት ውስጥ ይተኩሳል። ስለዚህ ወደ ጐን መተኰስ የፈለገ ነጂ ሠረገላውን በሙሉ ማዞር አለበት። ድንጋይ በበዛበት ጠባብ መንገድ ይህ የማይቻል ሆነ። የኢትዮጵያ ወታደሮች ደካማ ጐኑን በጥቂት ጊዜ ተረድተው ከጐንና ከኋላ እየቀረቡ፣ እላዩ ላይ እየወጡ፣ በእጅ ሠረገሎቹን ከሥራ ውጭ አደረጓቸው። በሮም ላይ በፈጣንነቱ የተመሰገነው መሣሪያ በዚያ ቀን በጠመንጃና በጐራዴ ተሸነፈ።

ይህን ግንባር በዓይናቸው ካዩት መካከል ልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የጐጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁም «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው የዘመቻቸውን ነገር ጽፈው ትተውልናል። እንግዲህ የደምበጓና ትዝታ በቃልና በመጽሐፍ ኖሮአል። ትዝታውን የሚደግፍ ግዙፍ ብረት ለማግኘት ግን የብረቱን መንገድ መከተል ግድ ይሆናል።

፫. ስለ 1933 ዓ.ም. ዘመቻ

እ.ኤ.አ. በ1940 ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትጀምር በምሥራቅ አፍሪካ ግዛትዋ የነበሯት 24 መካከለኛ ታንኮችና 39 ቀላል ሠረገሎች ነበሩ፤ ቀላሎቹ ካሮ ቬሎቼ ናቸው። በጥር 23 ቀን 1933 ዓ.ም. በአቆርዳት ጦርነት ማቲልዳ የተባሉት ከባድ የእንግሊዝ ታንኮች ከመካከለኞቹም ከቀላሎቹም በርካቶችን አጠፉ። በዚህ ዘመቻ ከነበሩት የህንድ ክፍለ ጦሮች ጋር ካሪየሮችም አብረው ነበሩ። በመጋቢት ወር ከረን ሲወድቅ በገደሉ መካከል የተዘጋው መንገድ እንደ ተከፈተ ካሪየሮች ከማቲልዳዎች ጋር አልፈው ሄዱ። ከአንድ አባት የተወለዱት ሁለቱ ሠረገሎች በኤርትራ ምድር በጠላትነት ተገናኙ ማለት ነው።

በጐጃም የተደረገው ዘመቻ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ሲሻገሩ፣ የዊንጌት ጌዴዎን ጦር ዕቃውን የጫነው በግመል ነበር። ለዚህ ሥራ ከተሰበሰቡት 15,000 ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በቆላውና በደጋው መንገድ አለቁ። በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ በኩል ጠላትን ያስለቀቁት አርበኞችና ይህ ትንሽ ጦር እንጂ በሰንሰለት የሚሄድ ሠረገላ አይደለም። ስለዚህ በጣና ዳርና በጐጃም ምድር የዚያን ዘመን ብረት የሚፈልግ ሰው ከታንክ ይልቅ የካሚዮን፣ የመድፍና የጠመንጃ ቅሪት መጠበቅ ይገባዋል። የመጨረሻው የጣልያን ጦር በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጐንደር እጁን ሰጠ።

፬. በውጭ አገር የተረፉትና ሰብሳቢዎቻቸው

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ መንግሥታት የማይፈልጉትን ሠረገላ በርካሽ ሸጡ፤ ያልተሸጠውንም አቀለጡ። በዚህ ጊዜ የካሪየር ክፍት መሆን ጠቀመው። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ገበሬዎች ካሪየር እየገዙ፣ የላይኛውን ብረት እየቈረጡ፣ ጫካ ለመመንጠርና ዕቃ ለመጐተት እንደ ትራክተር አሠሩት። ሥራውን ሲጨርስ በእርሻው ጥግ ተጥሎ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰብሳቢዎች መጥተው ከዚያ አነሡት። ገበሬው ታሪክ ለመጠበቅ ብሎ ያደረገው አልነበረም፤ ነገር ግን ከሙዚየም ይልቅ ብዙ ካሪየር ያተረፈ እርሱ ነው።

የሌሎቹም ዓይነቶች ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ጀርመኖች ከፊቱ የሞተር ብስክሌት ጐማ፣ ከኋላው ሰንሰለት ያለው ኬተንክራድ የተባለ ትንሽ ሠረገላ ነበራቸው። ይህ ለደንና ለእርሻ ሥራ ስለ ተስማማ ከጦርነቱ በኋላም ጥቂት መቶ ያህል ተሠራ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅግ ይሹታል። ለበረዶ የታሰበው የአሜሪካ ዊዝል፣ 15,000 ያህል የተሠራው፣ ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዮች ወደ ግሪንላንድና ወደ ደቡብ ዋልታ ላደረጉት የጥናት ጉዞ አገልግሎአል። ሎይድ ካሪየር የተባለው ግን፣ 26,000 ያህል ተሠርቶ ሳለ፣ ዛሬ ጥቂት ብቻ ይገኛል። ይህ ሠረገላ የተሠራው ከተራ ካሚዮን ክፍሎች ነበርና ሞተሩና ካምቢዮው ለሌላ መኪና መለዋወጫ ይሆናል፤ ቀሪው አካሉ ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይበቃል። ብዛት ብቻውን ዕቃን እንደማያተርፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም።

ሰብሳቢዎች አንዱን ዓይነት ከሌላው የሚያስበልጡበት ሚዛን ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያው ሊያዝ የሚችል መሆኑ ነው። ዩኒቨርሳል ካሪየር በተራ ካሚዮን ይጫናል፤ የፎርድ ሞተሩን መለዋወጫ ማግኘት አያስቸግርም፤ ክፍት ስለ ሆነም ባለቤቱ ቤተ ሰቡን አሳፍሮ በበዓል ቀን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ ሰብሳቢ የሚመከር እርሱ ነው። ሁለተኛው ጥቂትነቱ ነው። በካናዳ በጦርነቱ መጨረሻ 5,000 ያህል ብቻ የተሠራው ረጅሙ ዊንድሶር ካሪየር ከተራው ይልቅ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው እውነተኛነቱ ነው፤ በአካሉ ላይ የተመታው ቍጥር ከሰነዱ ጋር መስማማት፣ ክፍሎቹም የራሱ መሆን አለባቸው። የጀርመን ግማሽ ሰንሰለት 251 ይህን በተቃራኒው ያሳያል። እውነተኛው ስለማይገኝ፣ ከጦርነቱ በኋላ በቼኮዝሎቫኪያ በዚያው አምሳል የተሠራውን ኦቴ 810 ገዝተው መልኩን በመለወጥ 251 የሚያስመስሉ ብዙዎች ናቸው።

ካሮ ቬሎቼ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ልዩ ቦታ አለው። ጠባብና ዝግ በመሆኑ ጭነት አይችልም፤ እርሻም አያርስም። ጦርነቱ ሲያልቅ በሲቪል ኑሮ ውስጥ ቦታ አላገኘምና አብዛኛው ወደ ማቅለጫ ሄደ። በእንግሊዝ አገር በቦቪንግተን የታንክ ሙዚየምና በቤልግሬድ የጦር ሙዚየም እንደሚታዩት ያሉት በወታደር እጅ ተማርከው የቀሩ ናቸው። በጦር ሜዳ የተናቀው ሠረገላ በጥቂትነቱ ምክንያት በሰብሳቢ ዓይን የከበረ ሆነ።

፭. በእኛ አገር ብረቱ የሄደበት መንገድ

ወደ አገራችን ስንመለስ መጀመሪያ የምናገኘው ምክንያት ፖለቲካዊ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የእንግሊዝ ጦር ባለሥልጣኖች ከጣልያን የተያዘውን ንብረት የጦር ምርኮ ነው በማለት መሣሪያውን፣ ካሚዮኑንና የፋብሪካ መኪናውን ከአገር አወጡ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም በዚህ አጥብቆ አዘነ። የሚሠራው ብረት ሲሄድ የቀረው የተሰበረው ነበር።

የተሰበረው የደረሰው በገበሬውና በብረት ሠሪው እጅ ነው። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ በመራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ሜዳ ለምሳሌ እንውሰድ። ዛሬ በቆጋ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቶ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለመስኖ ታስቦለታል። ነገር ግን መሬቱን የሚያርሰው አሁንም በአብዛኛው በሬ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩና እርፉ እንጨት ናቸው፤ ማረሻውና ወገሉ ብቻ ብረት ናቸው። በዚህ የእርሻ ሥራ ብረት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያለ እርሱ መሬት አይከፈትም። ማረሻ በየዓመቱ ይበላል፤ ስለዚህ ገበሬው ምንጊዜም ብረት ይፈልጋል።

ብረት ሠሪው በወናፉ፣ በመስፉ፣ በጉጠቱና በመዶሻው ሊያሠራው የሚችለው ብረት የተወሰነ ነው። የታንክ ልብስ የሆነው ጠንካራ ብረት በከሰል እሳት አይቈረጥም፤ ያለ ኦክስጂን እሳት የሚችለው የለም። ባሌስትራ ግን ለእጁ የተዘጋጀ ያህል ነው። የካሚዮን ባሌስትራ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋና ማረሻ ሲሆን በየገበያው እናየዋለን። እዚህ ላይ የሁለቱ ሠረገሎች ልዩነት እንደ ገና ይገለጣል። ካሮ ቬሎቼ የቆመው በባሌስትራ ላይ ነው፤ ካሪየር የቆመው በሞላ ላይ ነው። በብረት ሠሪ ዓይን የመጀመሪያው ከሁለተኛው የበለጠ ሀብት አለው። ስለዚህ በመንገድ ዳር ከተተወ አንድ ካሮ ቬሎቼ አስቀድሞ የሚፈታው ባሌስትራው፣ ብሎኑና የሰንሰለቱ መያዣ፣ በመጨረሻ የሚቀረው ደግሞ ባዶው አካል እንደሚሆን ከብረቱ ጠባይ መረዳት ይቻላል። ባዶውን አካል ቈይቶ የሚወስደው በኪሎ የሚገዛው ነጋዴ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ አለ። ይህን ብረት የለወጡት እጆች በኅብረተሰቡ የተናቁ እጆች ነበሩ። በጐጃምና በጐንደር ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያሉ መስደብ የቈየ ልማድ ነው። በጣና ሰሜን የነበሩት ቤተ እስራኤልም በዚህ ሙያ ሲታወቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አልቀረም። ስለዚህ ስለ ጦር ብረት የሚናገረው ጽሑፋችን ሁሉ የወታደር ጽሑፍ ነው። ብረቱ ከወታደር እጅ ከወጣ በኋላ ያለውን ግማሽ ታሪክ የሚያውቀው ብረት ሠሪ ነው፤ እርሱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

የቋንቋችንም ልማድ ይህን ያሳያል። በውጭ አገር ሰብሳቢ ሲባል ዕቃውን እንዳለ የሚያስቀምጥ ባለ ገንዘብ ማለት ነው። በእኛ ከተማ አሮጌ ብረት የሚሰበስበው በየሰፈሩ እየተጣራ የሚዞረው ቆራሌው ነው፤ ስሙም «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪው የወጣ ነው። ቆራሌው የሰበሰበው በአዲስ አበባ መርካቶ ወደ ምናለሽ ተራ ይደርስና በዚያ ምድጃ፣ ሳጥን፣ ምስማርና አካፋ ይሆናል። አንዱ ሰብሳቢ ዕቃውን ከጊዜ ሊያድን ይሻል፤ ሁለተኛው ዕቃውን ወደ አሁኑ ኑሮ ይመልሰዋል። ሁለቱም ብረቱን አላጠፉትም። የመጀመሪያው ስሙን ጠብቆ ጥቅሙን አስቀረ፤ ሁለተኛው ጥቅሙን ጠብቆ ስሙን አስቀረ።

፮. ከዚህ ምን ይከተላል?

ስሙ የቀረ ብረት ለታሪክ ጸሐፊ ጕዳት እንደ ሆነ መካድ አይቻልም። አንድ የካሮ ቬሎቼ አካል ከነቍጥሩና ከተገኘበት ቦታ ጋር ቢመዘገብ የማን ክፍል እንደ ነበረና በየት በኩል እንደ ሄደ ሊያስረዳ ይችላል። ከቦታው ከተነሣና በኪሎ ከተሸጠ ግን ዝም ይላል። ወደ ውጭ አገር ሰብሳቢ ቢሄድም፣ ታድሶና ቀለም ተቀብቶ ቢያምርም፣ ከወደቀበት ድንጋይና ከጣሉት ሰዎች ታሪክ ተለይቶአልና ከእኛ ወገን ያለውን ምስክርነት ያጣል።

የጥንት ምሳሌ በቅርባችን አለ። ከጣና በስተ ምሥራቅ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው የዳግማዊ ቴዎድሮስ ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። እስከ መቅደላ በሰው ጕልበት ተጐትቶ ደርሶ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ብዙ ዕቃ ዘርፈው ሲሄዱ በአምባው ላይ ቀረ። ለመዝረፍም ለመሰባበርም የማይመች ክብደት አተረፈው። ዋጋው መድፍ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ንጉሡ ባስቀመጡት ቦታ በመገኘቱ ነው። ቀላሉ ብረት ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ ክብደት የለውምና ሰው ሊጠብቀው ይገባል።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ሦስት ሥራ እናቀርባለን። አንደኛው፣ በሽሬ፣ በጐንደርና በጐጃም የዘመቻ መንገዶች ላይ የቀረ የጦር ብረት ካለ፣ ሳይነሣ ቦታውን፣ ልኩንና በአካሉ ላይ የተመታውን ቍጥር መመዝገብ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን በሰፊው ስለ ተረጐመ፣ ለታሪክ ምስክር የሚሆን እንዲህ ያለ ብረት ከቅርስ የማይቈጠርበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው፣ ከሽማግሎች ብረት ሠሪዎች ስለ ብረት ዓይነትና ስለ መጣበት መንገድ ያላቸውን ዕውቀት፣ በየሙያቸው ቃል እንደሚናገሩት፣ መጻፍ ነው። ሦስተኛው፣ በየቤቱ ያሉትን አሮጌ ማረሻዎች፣ ወገሎችና መጥረቢያዎች እንደ ተራ ዕቃ ሳያልፉ፣ ከምን ብረት እንደ ተሠሩ ባለቤቶቹን መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ ባዶ አካል ቀስ ብሎ ይዝጋል። ሁለተኛው ግን አይጠብቅም። የጣልያንን ዘመን ብረት በልጅነታቸው በወናፍ ሲያናፉበት የነበሩ ሰዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ የሚያውቁትም በየትኛውም ሙዚየም አልተቀመጠም።